አስራ አንዱ አሰልጣኞችና ክቡር ኖሪስ ሰግደን

በምድር ላይ አንድም የራግቢ ሊግ ሜዳ ያለ እሱ አልተሠራም። መጀመሪያ አጥሩን ያቆማሉ፤ ቀጥለው አጥሩ ላይ ክርኑን የሚያስደግፍ፣ ከአሰልጣኙም ከዳኛውም የበለጠ የሚያውቅ አንድ ሰው ያቆማሉ፤ ሣሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ስሙና የሻርፑ ቀለም ከከተማ ከተማ ይለያይ እንጂ ሰውየው ያው ነው። "እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም፣ ግን..." ብሎ ይጀምራል። ከ"ግን" በኋላ ያለው ሰማንያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ጨዋታው ራሱም ሰማንያ ደቂቃ ነው።

የኛ ከተማ የሃግሮይድ ሰው ክቡር ኖሪስ ሰግደን ይባላሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት በሱፍ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ሠርተዋል፤ እዚያ ቤት መቶ ማሽን እየተንኳኳ "ሻይ ደርሷል" ለማለት የእሳት አደጋ መኪና ሳንባ ይጠይቅ ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። ድምፃቸው ግን ጡረታ የሚባል ነገር አልሰማም። እኔ ሚል ሌን በሚባለው ሜዳችን፣ ቆመን በምናይበት በምሥራቁ ደረጃ ላይ፣ ከጎናቸው መቆም ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ዘንድሮ ሃምሳ ስምንት ደፈንኩ፤ እሳቸው እስካሁን "አንተ ልጅ" ነው የሚሉኝ።

እውቀታቸው በራግቢ ሜዳ ብቻ የተወሰነ እንዳይመስላችሁ። የጎረቤታችን ቀብር ላይ ሬሳ ሳጥኑን የተሸከሙት ስድስት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲወጡ ክቡርነታቸው መታገሥ አልቻሉም። "ዝቅ በሉ! ከወገባችሁ ዝቅ! ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው እኮ በቀላሉ ነው የሚወድቀው!" አሉ። ቄሱ ጸሎታቸውን አቋረጡ። ተሸካሚዎቹ ግን ዝቅ አሉ፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ አካሄዳቸው አማረ።

ዳሌያቸው በብረት ሲተካም የማደንዘዣ መርፌው እስኪይዛቸው ድረስ ለቀዶ ጥገና ሐኪሙ ምክር ይሰጡ ነበር አሉ። ሐኪሙ የባላጋራችን የብሪግስዌል ደጋፊ መሆኑን ያወቁት ሲነቁ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ሐኪም ከፍቶ እንዲያይላቸው ጠየቁ።

ከሁሉ የማይቋረጠው ግን ቆጠራቸው ነው። በኛ ጨዋታ ኳስ የያዘ ቡድን ዕድሉ ስድስት ጊዜ ተይዞ እስኪወድቅ ድረስ ነው፤ በስድስተኛው ኳሱን ለባላጋራ ያስረክባል። ስለዚህ አምስት ጊዜ ከወደቀ ኳሱን አርቆ መምታት አለበት። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቃል። ክቡርነታቸው ግን ሕፃን ልጅ እንኳ ሊረሳ ይችላል ብለው ስለሚያምኑ በእያንዳንዱ ውድቀት ይቆጥራሉ። "አንድ! ... ሁለት! ... ሦስት!" አምስት ላይ ሲደርሱ "አምስት! የመጨረሻ ናት! ምታት!" ይላሉ፤ ፓይ፣ ያ ሥጋ የተጠቀለለበት ትኩስ ቂጣ፣ በሚሸጥበት ቤት ያሉት ማንኪያዎች ይንቀጠቀጣሉ። ፓይ የምትሸጠው ዶሪን በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ "የመጨረሻ ናት" እንዳሉ ቆጥራ አርባ አንድ ላይ ተወችው።

ባለፈው ዓመት ክለባችን ወደቀ። መውደቅ ስል ተንሸራተተ ማለቴ አይደለም፤ ከአስር ጨዋታ ዘጠኙን ተሸነፍን፣ አስረኛው በዝናብ ተሰርዞ ነው የተረፍነው። የክለቡ ባለቤት ወይዘሮ ጊሊያን ኦልድሮይድ ናቸው፤ በከተማችን ትልቁ የፍራሽ ፋብሪካ የሳቸው ነው። በግንቦት ወር ደጋፊዎችን ሰብስበው መፍትሔውን ተናገሩ።

"አንድ ፍራሽ ውስጥ ስምንት መቶ ስፕሪንግ አለ" አሉ። "ጀርባችሁን የሚያሳርፈው ለዚህ ነው። አንድ ስፕሪንግ ብቻ ቢሆን ማን ይተኛበታል? አሰልጣኝም እንደዚሁ ነው።"

"ፍራሽ ግን አይሮጥም!" አሉ ክቡር ኖሪስ ከኋላ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አስራ አንድ አሰልጣኝ ተቀጠረ። ዋናው ክሬግ ትሬሎር የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፤ ፀሐይ የለመደ ሰው ስለሆነ በሰኔ ሙቀትም ካፖርት ይለብስ ነበር። ከሥሩ የማጥቃት አሰልጣኝ፣ የመከላከል አሰልጣኝ፣ የምት አሰልጣኝ አሉ። ሰው እንዴት ይዞ መሬት ላይ እንደሚያቆዩ የሚያስተምር የትግል አሰልጣኝ አለ። የሩጫ፣ የክብደት፣ የምግብ፣ የአእምሮ ይቀጥላል። የእንቅልፍ አሰልጣኝም አለ፤ ፍራሾቹ ከየት እንደመጡ መገመት አያቅታችሁም። አስራ አንደኛው ሥራው ሌሎቹን አስር ማስተባበር ነው።

"የእንቅልፍ?" አሉ ክቡርነታቸው። "ከየካቲት ጀምሮ ሜዳው ላይ ተኝተው የለም እንዴ? ያንን ያስተማራቸው ማነው?" ቀጥለውም ጣታቸውን እያጠፉ አሰቡ። "አስራ ሦስት ተጫዋች፣ አስራ አንድ አሰልጣኝ። አንተ ልጅ፣ እኔና ሚስቴ አምስት ልጅ ያሳደግነው ለሁለት ነው፤ አንዳቸውም እስር ቤት አልገቡም።"

አሰልጣኞቹ የሚቀመጡት ከዋናው መቀመጫ በላይ ባለች የመስታወት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ የተሠራችው ለሦስት ሰው ነበር። አየሩ ሲቀዘቅዝ አስራ አንዱም ሲተነፍሱ መስታወቱ በጉም ይሸፈናል፤ ጨዋታውን የሚያየው ጨርቅ የያዘው ብቻ ነው። መልእክታቸውን በሬዲዮ ወደ ታች ይልካሉ፤ ውሃ የሚያቀብለው ሰው ደግሞ ጠርሙሱን ይዞ ሮጦ ገብቶ ለተጫዋቾቹ ያደርሳል። አንድ እሁድ አጥሩ አጠገብ ሆኖ ሲያነበንብ በጆሮዬ ሰማሁት። "መከላከል፣ ወደፊት ግፉ ይላል። ማጥቃት፣ ወደኋላ ጥልቅ ብላችሁ ቁሙ ይላል። ምግብ፣ ጠጡ ይላል።" አምበሉን የገባው "ጠጡ" የሚለው ብቻ ነው።

ክቡር ኖሪስ ይህን ዝም ብለው ሊያዩት አልቻሉም። ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ ላይ ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። የምት አሰልጣኙን እግሩን፣ የሩጫውን ክንዱን፣ የክብደቱን ደግሞ ጠቅላላ ነፍሱን አረሙት። በመጨረሻ ክለቡ የአእምሮ አሰልጣኙን ላከባቸው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ሰው የሚያሳዝነው ጎልማሳ ነው። ከወንበራቸው ጎን ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

"ሚስተር ሰግደን፣ ይህ ሁሉ ቁጣ ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል?"

"ከዚያ!" አሉና ወደ ስምንት ቁጥር ለባሹ ተጫዋች ጠቆሙ።

መስከረም ላይ፣ ሦስት ጨዋታ ሲቀረን፣ ከክለቡ ደብዳቤ ደረሳቸው። ደረጃው ላይ ቆመው በሙሉ ድምፃቸው አነበቡት፤ ስለዚህ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። "ከምሥራቁ ደረጃ በደረሰን የጽሑፍ አቤቱታ መሠረት፣ ከእንግዲህ በጨዋታ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅዎን ከፍ ቢያደርጉ የመግቢያ ካርድዎ ለዘለቄታው ይሰረዛል።" አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ዙሪያቸውን አዩ።

"ከምሥራቁ ደረጃ! ከራሳችን ሰው! ማነው እሱ?"

ሁሉም ወደ ሜዳው ዞረ። እኔም በወቅቱ በፓዬ በጣም ተጠምጄ ነበር።

ነገሩን ቀለል አድርጌ ላሳልፈው እችል ነበር፤ ቀላል ግን አይደለም። አርባ ስድስት ዓመት የቆሙበት ቦታ ነው። ክርናቸው የሚያርፍበት አጥር ቀለሙ ለቆ ብረቱ ይታያል። ሚስታቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አምስቱ ልጆችም በየአገሩ ተበትነዋል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከሬዲዮው ጋር ይጣላሉ፤ ከሰው ጋር የሚጣሉት እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። ያቺን ሁለት ክንድ አጥር ከወሰዱባቸው ምን እንደሚቀራቸው አላውቅም፤ እሳቸውም ያወቁ አይመስለኝም። ምክንያቱም ዝም አሉ።

ሃያ ሁለት ዓመት የተመኘሁት ዝምታ መጣ። ሻርፓቸውን እስከ አፍንጫቸው ጠቅልለው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ቆሙ። ጨዋታ እንዲህ ጸጥ ያለ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። የዳኛውን ፊሽካ፣ የአጥንት ግጭት፣ አንዳንዴም ከመስታወቷ ክፍል አስራ አንድ ሰው ሲከራከር ይሰማል። መጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፍን። ሁለተኛውንም ተሸነፍን።

ሦስተኛውና የመጨረሻው በሜዳችን ከብሪግስዌል ጋር ነበር። ሁለታችንም እኩል ነጥብ ይዘን ከታች ተቀምጠናል፤ የተሸነፈው ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ይወርዳል። እዚያ ከወረድን ደግሞ ወይዘሮ ኦልድሮይድ ክለቡን ዘግተው ሜዳውን ለፍራሽ መጋዘን እንደሚያደርጉት ሁሉም ያወራል። እረፍት ስንወጣ አስራ ስድስት ለስድስት እየመሩን ነበር።

የሚገርመው ግን የተመራንበት መንገድ ነው። ሦስት ጊዜ፣ ልክ ሦስት ጊዜ፣ ልጆቻችን ኳሱን እንደያዙ ስድስተኛው ላይ ወደቁ። ሳይመቱ። አምበሉ ተነስቶ ሊቀጥል ሲል ዳኛው ኳሱን ከእጁ ወስዶ ለብሪግስዌል ይሰጣል፤ እሱ ደግሞ የተዘረፈ ሰው መስሎ ይቆማል። ዳኛው አምስተኛው ላይ እጁን ያነሳል፣ እሱስ ያነሳል፤ ተጫዋቾቹ ግን የሚያዩት የመስታወቷን ክፍል ነው።

ዶሪን ከፓይ ቤቱ መስኮት አንገቷን አወጣች። ለሷ ሰው ሁሉ "የኔ ፍቅር" ነው፤ ግብር ሰብሳቢውንም እንደዚያ ነው የምትለው።

"የኔ ፍቅር፣ እነዚህ ልጆች መቁጠር አይችሉም እንዴ?"

"ችለው አያውቁም" አሉ ክቡር ኖሪስ በሻርፓቸው ውስጥ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ነበር?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዶሪንም ገባት፤ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አስራ አንዱ አሰልጣኞች ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ስኳር ድንችና ስለ ውስጣዊ ሰላም አስበዋል፤ የወደቁትን የሚቆጥር ግን ማንም አልነበረም። የሃግሮይድ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በዚህ ሜዳ የተጫወቱት ሁሉ ቆጠራውን ለአንድ ሰው ጉሮሮ ትተው ነው ያደጉት። ያንን ጉሮሮ ደግሞ ዘግተነዋል።

"ጋሽ ኖሪስ" አልኩ፣ "ይቁጠሩላቸው።"

"ደብዳቤውስ?"

ወደ አጥሩ አዩ፤ ቀለሙ የለቀቀውን ቦታ በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ ወደ ሜዳው አዩ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው እየገቡ ነበር።

"ቀላል ጨዋታ ነው እኮ" አሉ ለራሳቸው። ሻርፑን ፈቱት።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሮ የኛ ሰው ኳስ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወድቅ፣ "አንድ!" የሚለው ከሚል ሌን ሜዳ ተነስቶ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄደ። አምበሉ ብድግ ብሎ፣ እናቱ ለእራት እንደጠራችው ልጅ አንገቱን አቀና። "ሁለት!" ትከሻቸው ተስተካከለ። "ሦስት! አራት!" ፈታ ብለው መሮጥ ጀመሩ። "አምስት! የመጨረሻ ናት! ምታት!" መታት። ኳሷ ከብሪግስዌል ሰዎች ጀርባ ወደቀች፤ የኛ የክንፍ ተጫዋች ደርሶባት ከመስመሩ ወዲያ አሳርፎ ነጥብ አስቆጠረ። በዚያው ቆጠራ ሌላም ጨመርን፤ ጨዋታው አስራ ስምንት ለአስራ ስድስት በኛ አሸናፊነት አለቀ። እኔ ዶሪንን አቀፍኩ፣ ዶሪን የማታውቀውን ፖሊስ አቀፈች። ክቡር ኖሪስ አላቀፉም፤ ሻርፓቸውን መልሰው አጥብቀው ጠቀለሉ።

ማታ በሬዲዮ ክሬግ ትሬሎር ድሉ የአስራ አንድ ባለሙያዎች የተቀናጀ ሥራ ውጤት ነው አለ። የአእምሮ አሰልጣኙ ደግሞ ተጫዋቾቹ በመጨረሻ የውስጥ ድምፃቸውን ማዳመጥ እንደጀመሩ አብራራ። የውስጥ ድምፁ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ዳሌው ብረት ነው፣ ሰኞ ጠዋት ካርዱ ለዘለቄታው መሰረዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶታል።

ማክሰኞ ስለ ቆጠራው ልነግርና ላማልዳቸው ወደ ፍራሽ ፋብሪካው ሄድኩ። ወይዘሮ ኦልድሮይድ ሳይከፉ ሰሙኝና ስልክ አንስተው ትሬሎርን "ቆጠራ የማን ሥራ ነበር?" ብለው ጠየቁት። ትሬሎር የማጥቃት ነው አለ። ማጥቃት የምት ነው አለ። ምት ወደ አስተባባሪው መራ። አስተባባሪው መዝገቡን ገልብጦ "ልዩ ልዩ" በሚለው ሥር አገኘው።

"የክለቡ ቦርድ የወሰነውን መሻር አልችልም" አሉ ወይዘሮዋ ስልኩን ዘግተው። "እገዳው ግን ለተመልካች ነው። ሠራተኛን አይመለከትም። አስራ ሁለተኛ አሰልጣኝ አድርጌ እቀጥረዋለሁ፤ የቆጠራ አሰልጣኝ።" ሴትዮዋ ስፕሪንግ መጨመር የሚባል ነገር አይሰለቻቸውም።

"የሚቆሙት ግን አጥሩ ጋ ነው" አልኩ። "መስታወቱ ውስጥ ማንም አይሰማቸውም።"

"ይሁን። አንተ ንገረው። እኔ ከሱ ጋር በስልክ ማውራት አልችልም፤ ቀፎውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነው የምሰማው።"

አትክልት ቦታቸው ላይ አገኘኋቸው፤ ባሮ ሽንኩርት እየኮተኮቱ ነው። ነገርኳቸው። ዶማቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

"አሰልጣኝ" አሉ፣ የሆነ የቆዳ በሽታ ስም እንደሚጠራ ሰው። "እኔ! ሕይወቴን ሙሉ እነሱን ስሳደብ ኖሬ። ሰው ምን ይለኛል?"

"ምንም አይልም። ወይም ይላል፤ ግን ከእርስዎ በላይ ጮክ ብሎ አይልም።"

ሊስቁ ፈለጉና ተዉት። "ያን አቤቱታ የጻፈው ሰው ባይኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር" አሉ።

እስካሁን ከእናንተም ደብቄዋለሁ፤ ከእንግዲህ አልችልም።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ነሐሴ ላይ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። የግራ ጆሮህ ግማሹ ሄዷል አለኝ። በግራዬ የሚቆሙት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ሃያ ሁለት ዓመት። ተናድጄ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ጻፍኩት። ክለቡ ይቆጣዎታል፣ እርስዎም ድምፅዎን ትንሽ ዝቅ ያደርጋሉ ብዬ ነበር። ይህን ያህል ይሆናል አላልኩም። አፍሬያለሁ።"

ዶማውን አነሱ። ይወረውሩብኛል ብዬ አንድ እርምጃ ወደኋላ አልኩ። እሳቸው ግን አንድ ባሮ ሽንኩርት ነቅለው አፈሩን አራገፉ።

"አውቅ ነበር" አሉ፣ ሰምቼው በማላውቀው ቀስ ያለ ድምፅ።

"እንዴት አወቁ?"

"አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ጮህኩ፣ አንተ ልጅ። ልጆቼ አልሰሙኝም፣ ዳኛ አልሰማኝም፣ አሰልጣኝ አልሰማኝም። የምለውን ቃል በቃል የሰማኝ ሰው ቢኖር አንተ ብቻ ነህ። ሌላ ማን ይጽፍብኛል?" ሽንኩርቱን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። "ቱታ ይሰጣሉ ወይ?"

"ይሰጣሉ።"

"ሰፋ ያለ ይሁን በላቸው።"

የካቲት ላይ አዲሱ የውድድር ዘመን ሲጀመር ክቡር ኖሪስ ሰግደን፣ የሃግሮይድ ክለብ የቆጠራ አሰልጣኝ፣ ለሁለት ሰው በሚበቃ ቱታ አጥራቸው ላይ ነበሩ። ለኔ አዝነው ከወትሮው ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ አፋቸውንም ወደ ሌላ አዙረዋል። እኔ ፓዬን ያዝኩ፣ በኋላቸው ዞርኩ፣ ሄጄ በግራቸው በኩል፣ ደህናውን ቀኝ ጆሮዬን ወደሳቸው አድርጌ፣ ትከሻቸውን ተጠግቼ ቆምኩ።

"ምን ሆነሃል? ያ ጆሮህ እኮ ገና ደህና ነው!" አሉ።

"ለዚህ ነው" አልኳቸው። "በዚያኛው በደንብ አልሰማዎትም።"